የማን መኸር? «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በቢሉ ሴንተር ማንበብ

እዚህ አገር ትምህርት ቤት የገባ ልጅ ሁሉ ሰባተኛ ክፍል ሲደርስ «ዓቮዳት ሾራሺም» ይሠራል። የቤተሰብ ሐረግ፣ የአያት ፎቶ፣ የመጡበት አገር ካርታ። የእኛ ልጆች የሠሩትን ብዙ አይቻለሁ፤ ሥዕሉ አንድ ነው ማለት ይቻላል። ጎጆ፣ ሁለት በሬ፣ ቢጫ አበባ፣ ወርቅ የመሰለ እህል፣ በሩ ላይ ነጭ ለብሳ የቆመች አያት። ከሥሩ ደግሞ «የራሳችን እርሻ ነበረን» የሚል ጽሑፍ። በሥዕሉ ላይ አበባው አለ፣ በሬውም አለ። ጎተራ የገባው እህል ስንት እንደነበረና ከመግባቱ በፊት ማን ማን እንደተካፈለው ግን አይታይም።

እኔ ለዚህ ሥዕል ማረሚያ የምለው መጽሐፍ የሀዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። አዎ፣ ያ ወላጆቻችሁ ስለ ሰብለ ወንጌልና በዛብህ ሲያወሩ የሰማችሁት የፍቅር ታሪክ። አንዳንዶቹ ወላጆች ሳያነቡትም ያውቁታል፤ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ሰምተውታልና። ፍቅሩን ለእነሱ ልተውላቸውና ስለ እህሉ ላውራ። በእኔ አስተያየት ይህ ልቦለድ ከምንም በላይ ስለ እህል ክፍፍል የተጻፈ መጽሐፍ ነው።

ደራሲው በ1902 ዓ.ም. ጎጃም ውስጥ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወለዱ፤ የቄስ ልጅ ናቸው። ቅኔ የተማሩት እዚያው ጎጃም፣ ደብረ ኤልያስን፣ ደብረ ወርቅንና ዲማን በመሰሉ የቤተ ክህነት ትምህርት ቤቶች ነው። በኋላ አዲስ አበባ ዘመናዊ ትምህርት፣ የጣሊያን ወረራ፣ ከራስ እምሩ ጋር ተማርኮ ጣሊያን አገር የእስር ዘመን፣ ከዚያ ዲፕሎማትነትና ሚኒስትርነት። መጽሐፉ የወጣው በ1958 ዓ.ም. ነው። ማለትም በገበሬው አገር ያደጉት፣ የጻፉት ግን ከሩቅ አገርና ከቢሮ ተመልሰው፣ ዕድሜያቸው ከሃምሳ ካለፈ በኋላ ነው። ርቀቱ ጠቅሟቸዋል ባይ ነኝ። ከእርሻ ወጥቶ የማያውቅ ሰው እርሻን ለማስረዳት አይቸገርም፣ ምክንያቱም አያስረዳም። እሳቸው ግን ያስረዳሉ።

ስለ ወቅቱ አንድ ነገር ልበል፣ ብዙ አለመግባባት የሚጀምረው ከዚያ ነውና። በዕብራይስጥ «ስታቭ» ስንል ቅጠል ይረግፋል፣ ሐጻቭ ያብባል፣ ናሕሊኤሊ የምትባለው ወፍ ትመጣለች፣ «ዮሬ» የተባለው የመጀመሪያ ዝናብ ይጠበቃል። ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው የኢትዮጵያ ወቅት ስሙ መፀው ነው። ያን ጊዜ እዚያ ዝናቡ ያበቃል። እዚህ መሬቱ ደርቆ ሰማይ ሲያይ፣ እዚያ መሬቱ ጠግቦ አረንጓዴ ነው። አያቶቻችን መስከረም ላይ «ክረምት ወጣ» ይሉ ነበር፤ እዚህ በዚያው ሰሞን «ክረምት ሊገባ ነው» እየተባለ ጃኬት ይገዛል። ስታቭን «በልግ» ብለው የሚተረጉሙ አሉ፤ በልግ ግን ከየካቲት ጀምሮ የሚጥለው የትንሹ ዝናብ ወቅት ነው፣ ነገሩን ጭራሹን ያገለብጠዋል።

ለክርስቲያኑ ገበሬ መፀው ሁለት ፊት አለው። በቤተ ክርስቲያን ወርኃ ጽጌ ነው፤ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ማኅሌተ ጽጌ ይቆማል፣ ስለ አበባ ይዘመራል። በማሳው ላይ ደግሞ ሐሳብ የሚበዛበት ጊዜ ነው። ጤፉ ገና አልደረሰም፣ ያለፈው ዓመት እህል ግን ሊያልቅ ነው። ልጅ ማማ ላይ ወጥቶ በወንጭፍ ወፍና ዝንጀሮ ይጠብቃል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ማጭድ ይነሣል፣ ነዶ ይከመራል፣ አውድማ ይለቀለቃል፣ በሬ ይሄድበታል፣ በመንሽ ይበተናል፣ በላይዳ ይዘራል። ከዚያ ስፍር ይመጣል። ቁና ይዞ የሚቆመው ሰውና ጆንያውን ይዞ የሚቆመው ሰው አንድ ላይሆኑ ይችላሉ።

መጽሐፉ የሚጀምረው በሁለቱ ፍቅረኞች አይደለም። ማንኩሳ ላይ በቦጋለ መብራቱና በውድነሽ በጣሙ ይጀምራል። ብዙ አንባቢ ቶሎ ሰብለ ጋ ለመድረስ ይህን ክፍል ይዘልላል፤ እኔ ከሙሉ መጽሐፉ የምመርጠው ይህን ነው። ውድነሽ ሀብት አላት፣ ባል ግን አይበረክትላትም፣ ይሞቱባታል። ቦጋለ ጉልበት አለው፣ ሌላ የለውም። ተቀጥሮ ይገባል፣ ያርስላታል፣ በመጨረሻም ይጋባሉ። ሀዲስ ይህን ጋብቻ ሲያሳዩን ፍቅርና ሥራን አይለያዩአቸውም፤ ሴትዮዋ ሰውየውን የምታውቀው በሥራው ነው። ልጃቸው በዛብህ ሕመም ሲበዛበት ለቤተ ክርስቲያን ይሳላል። ለእርሻ ቤት ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት፦ ያለቻቸውን አንዲት የነገ ጉልበት ለመቅደስ ሰጡ። እንዲህ ያነበብነው እንደሆነ ስእለቱ ከሃይማኖት በተጨማሪ የኢኮኖሚ ውሳኔ ሆኖ ይታየናል፣ የወላጆቹም ፍቅር ይበልጥ ይከብዳል።

ከዚያ ታሪኩ ወደ ዲማ፣ ወደ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት ይዞራል። ፊታውራሪው አያርሱም፣ ይቀበላሉ። ዘራቸውን ይቆጥራሉ። ገበሬው ከልማዱ በላይ ግብር ሲጠየቅ እምቢ ይላል፣ አበጀ በለው ይነሣል፣ ፊታውራሪው ሊያስገብሩ ዘምተው ራሳቸው ይማረካሉ። ይህ ክፍል ያስቃል፣ ሆን ተብሎ ነው የሚያስቀው። ግን መጽሐፉ በወጣ በሁለተኛው ዓመት፣ በ1960 ዓ.ም.፣ እውነተኛው የጎጃም ገበሬ አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር እምቢ ብሎ ተነሣ። ልቦለዱ አመፁን አመጣው ማለቴ አይደለም፤ ገበሬው ልቦለድ አልጠበቀም። ሀዲስ ግን የቂሙን አወራረድ ቀድመው አይተውታል።

ጉዱ ካሳን ብዙ ሰው የደራሲው አፍ ነው ይላል። ልክ ሳይሆን አይቀርም፣ ስለዚህም ነው አንዳንዴ ንግግሩ የሚረዝምብኝ። የፍቅረኞቹም ደብዳቤዎች ይረዝሙብኛል። አውድማና ግብር ላይ ሲደርሱ ግን አረፍተ ነገሩ ያጥራል፣ ነገሩም ይጠብቃል።

ይህን መጽሐፍ ከጥቂት ወጣቶች ጋር የማነበው ሐሙስ ማታ ቢሉ ሴንተር ውስጥ ነው፤ ከቂርያት ሞሼም ከቂርያት ዔቅሮንም ለመምጣት ቀላል ስለሆነ። ስሙ ራሱ ያስገርመኛል። «ቢሉ» በ1882 ከሩሲያ መጥተው መሬት ሊያርሱ የተነሡ፣ በ1884ም ገዴራን የመሠረቱ ወጣቶች ማኅበር ስም ነው፤ ከትንቢተ ኢሳይያስ ጥቅስ የመጀመሪያ ፊደላት የተሠራ። ዛሬ ስሙ የካንዮንና የመኪና ማቆሚያ ሆኗል። በአማርኛ ግን ቢሉ ማለት «ሰዎች ቢጠይቁ» ነው። ሀዲስ በተማሩበት የቤተ ክህነት ዓለም መምህሩ ንባቡን ካነበበ በኋላ «ለምን ቢሉ» ብሎ ነው ትርጓሜውን የሚጀምረው። እናም ባለፈው ጊዜ ከልጆቹ አንዷ እንደዚያው አለች፦ «ሳብታዬ የእኛ እርሻ ትላለች። አንተ ደግሞ ብዙዎቹ መሬት አልነበራቸውም አልከን። ታዲያ የማን ነበር?»

መልሱ አጭር አይደለም። ርስት በዘር የሚወረስ የማረስ መብት ነው፤ ጉልት ደግሞ ከዚያ መሬት ግብር የመቀበል ሥልጣን ነው። የቦጋለና የፊታውራሪ መሸሻ ዓለም በእነዚህ ሁለት ቃላት መካከል የተዘረጋ ነው። ቤተ እስራኤል ግን ከሁለቱም ውጪ የተገፋበት ዘመን ረጅም ነው። የታሪክ ልማዱ ነገሩን ወደ ዐፄ ይስሐቅ፣ ወደ 15ኛው መቶ ዓመት ይወስደዋል፤ የተጠመቀ የአባቱን ርስት ይውረስ፣ ያልተጠመቀ ይፍለስ ተባለ ይላል። ሁሉም በአንድ ቀን አልተነቀለም። በጎንደር ነገሥታት ዘመን ለግንበኛና ለወታደር መሬት የተሰጠበት ጊዜም አለ። ሆኖም በብዙ ቦታ የቀረልን መንገድ ሁለት ነበር፦ የሰው መሬት በእኩል ወይም በሲሶ ማረስ፣ ወይም ብረት መቀጥቀጥና ሸክላ መሥራት።

ቂርያት ሞሼ የሚኖሩ፣ ደምቢያ ያረሱ አንድ ሽማግሌ አሉ። ሄጄ ጠየቅኋቸው።

«አባባ፣ መሬቱ የማን ነበር?»

«የባለርስቱ ነዋ።»

«ታዲያ ለምን የእኛ እርሻ ትላላችሁ?»

ሳቁ። «ልጄ፣ ያረስኩት እኔ አይደለሁ እንዴ! በሬው የእኔ፣ ጉልበቱ የእኔ። አውድማ ላይ ሲደርስ ነው እሱ የሚመጣው፣ ጃንጥላውን ዘርግቶ ይቆማል፣ አንድ ለእሱ አንድ ለእኔ እያልን እንሰፍራለን።»

ስለዚህ የልጅቷ ሳብታ አልዋሸችም። «የእኛ» ያለችው በላቧ ነው። የሾራሺም ሥዕሉ የጎደለው ጃንጥላው ነው።

አሁን ወደ መጽሐፉ ልመለስና የማይዋጥልኝን ልናገር። ሀዲስ የክርስቲያን ደራሲ ናቸው። ይህን ለነቀፋ አላነሣውም፤ ዓለማቸው የሚለካበት ቁና ያ ነው ለማለት ነው። ቤተ ክህነቱን ከውስጥ ሆነው ይተቻሉ፣ የዘር ትምክህትን በጉዱ ካሳ አንደበት ያዋርዳሉ። ነገር ግን ከዋና ገጸ ባሕርያቱ መካከል አንድም ቀጥቃጭ የለም። ቦጋለ የሚያርስበት ማረሻ፣ የሚያጭድበት ማጭድ፣ ውድነሽ የምትጋግርበት ምጣድ ከአንድ ሰው እጅ ወጥቷል። በጎንደር በኩል፣ በወገራና በደምቢያ፣ ያ እጅ ብዙ ጊዜ የእኛ ነበር። ማረሻውን የሠራው ሰው ቀን ላይ ተፈላጊ፣ ማታ ላይ «ቡዳ» ነበር። ልቦለዱ ጎጃም ላይ ስለሆነ ደምቢያን ማምጣት ነበረባቸው አልልም። እኔን የሚያሳስበኝ ከገበሬውና ከጌታው ሌላ ሦስተኛ ወገን መኖሩን የሚያሳይ ልቦለድ እንዲህ በተነበበ አማርኛ ሳይጻፍልን ገበሬነታችን ራሱ ማለቁ ነው። በዕብራይስጥ ጀማምረናል፤ የዖምሪ ተገምላክ አቬራ «አስቴራይ» በ2008 ወጥቷል፣ መንደሩንም መንገዱንም ይዟል። ግን በልጅ ዓይን ስለሆነ ስፍሩ ላይ አይቆይም።

እዚሁ ርሆቮት ላይም ተመሳሳይ ነገር አለ፣ በመጠን ይለያያል እንጂ። ሞሼ ስሚላንስኪ የወይንና የብርቱካን እርሻ የነበራቸው፣ ስለ ገጠሩም ብዙ የጻፉ የከተማዋ ሰው ናቸው። በእነዚያ እርሻዎች ከሠሩት መካከል ሻዓራይም ሰፈር የገቡ የየመን አይሁድ ነበሩ። የባለ እርሻው መጽሐፍ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አለ። የሠራተኛው ታሪክ በአብዛኛው በልጅ ልጆቹ ነው የተጻፈው፣ እሱም ከብዙ ቆይታ በኋላ።

ለእኛ ቆይታው ያን ያህል ሊረዝም አይገባም፣ የሚናገሩት ሰዎች ገና በሕይወት አሉና። የየካቲት 25 ቀን 1967ቱ አዋጅ ጭሰኝነትን ሽሮ ለአንድ ቤተሰብ እስከ 10 ሄክታር ሲፈቅድ ሽማግሌው ጎልማሳ ነበሩ። መሬት ደረሳቸው፤ ጎረቤት ግን አኮረፈ፣ አንዳንድ ቦታም ከኩርፊያ አለፈ። የመጀመሪያውን ያልተካፈሉትን መኸር ስጠይቃቸው ስለ ደስታ አላወሩም። «ጎተራው ጠበበ፣ ሌላ መለሰንኩ» ብቻ ነው ያሉት።

በሚቀጥለው ሐሙስ የምናነበው የግብሩን ጠብ ክፍል ነው። የምትመጡ ልጆች ከቤት አንድ ነገር ጠይቃችሁ ኑ፦ አያታችሁ ካረሱት ከአሥር ቁና ስንቱ ቤት ገባ፣ የቀረውስ በማን ጆንያ ሄደ? ቁጥሩን በወረቀት ያዙት፣ የሰፈሩንም ስም ጨምሩበት።