የሐራም ግመል ግልገል፦ የሶማሌ ማህማህና የላቲን ብሂል ከየት ይመነጫሉ?

የምሳሌያዊ አነጋገር መነሻ ሲፈለግ የተለመደው ጥያቄ «መጀመሪያ ማን አለው?» የሚል ነው። በላቲን ብሂሎች ላይ ለዘመናት የተደከመበት ጥናት በአብዛኛው በዚሁ መንገድ ሄዷል፤ ይህ የሲሴሮ ነው፣ ያ የሆራስ ነው፣ ሌላው ከግሪክ የተወረሰ ነው እያለ ለእያንዳንዱ ቃል አባት ሲፈልግ ኖሯል። የሆላንዱ ሊቅ ኤራስመስ እ.ኤ.አ. በ1500 ፓሪስ ላይ ማሳተም የጀመረውና በመጨረሻ ከ4,000 በላይ ብሂሎችን የያዘው ስብስብ የዚህ ድካም ትልቁ ፍሬ ነው። ጥያቄው ከንቱ ነው አልልም። ሆኖም ከጅግጅጋ እስከ አይሻ ባለው የሶማሌ ክልል ሰሜናዊ ክፍል ማህማህ፣ ማለትም የሶማሌ ምሳሌያዊ አነጋገር፣ በሽማግሌዎች ሸንጎ ላይ ያለውን ቦታ ላስተዋለ ሰው ከዚህ የሚልቅ ጥያቄ አለ፦ ቃሉ የተነሣው በምን ክርክር ላይ ነው? ምንስ ለማስወሰን? እኔ የምከራከረው፣ ምሳሌ ትርጉሙን የሚያገኘው ከዳኘው ጠብ ነው፤ ከጠቡ ከተነጠለ፣ የላቲንም ይሁን የሶማሌ፣ ፍቺው እስከ መገልበጥ ይደርሳል ብዬ ነው።

አንድ የታወቀ ማህማህ ቀረብ ብለን እንይ፦ «ሃል ሐራን አህ ኒሪግ ሐላል አህ ማ ዻሾ»፤ ሐራም የሆነች ግመል ሐላል ግልገል አትወልድም። ከመንገድ ላይ ለሰማው ሰው ክፉ ሥራ መልካም ፍሬ አያፈራም የሚል ምክር ብቻ ይመስላል። ለአርብቶ አደሩ ግን ግመሏም ግልገሏም እውነተኛ ናቸው። ግመል ከዓመት በላይ ታረግዛለች፤ ብዙውን ጊዜም በሁለት ዓመት አንዴ ብትወልድ ነው። የተዘረፈች ግመል ባለቤቷ ወሬዋን ሰምቶ፣ ምልክቷን ለይቶ፣ ሽማግሌ ሰብስቦ እስኪጠይቅ ድረስ በሌላ ሰው መንጋ ውስጥ ወልዳ ልትገኝ ትችላለች። ያን ጊዜ የግልገሉ ነገር ራሱን የቻለ ክርክር ይሆናል። ያጠጣውና ከጅብ የጠበቀው ሰው ድካሙ ይቆጠርለታል ወይ? ዝርፊያውን ሳያውቅ የገዛስ? ማህማሁ የእናቲቱ ነገር ካልቀና የልጇም አይቀናም ብሎ ይቆርጣል። «ሐራን» እና «ሐላል» በአንድ ድምፅ ጀምረው በትርጉም መቃረናቸውም ለጌጥ ብቻ የተደረገ አይደለም፤ መዝገብ በሌለበት ሸንጎ ውሳኔው ከአፍ ወደ አፍ ሳይዛባ እንዲተላለፍ የሚያደርገው ይኸው የድምፅ ገመድ ነው።

የሮም የሕግ ሊቃውንትም በዚሁ ነገር ተከራክረዋል። የአሥራ ሁለቱ ሰሌዳዎች ሕግ የተሰረቀ ነገር በይዞታ ዘመን ብዛት የያዡ እንዳይሆን ስለከለከለ፣ የተሰረቀች ላም ጥጃስ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ተከትሎ መጣ፤ በሌባው እጅ ሳለች የፀነሰችውና በቅን ልቦና በገዛት ሰው ቤት የፀነሰችው እየተለየ ተጽፏል። ይህ መቀራረብ የሚያሳየው ብሂል ከአንዱ አገር ወደ ሌላው መሻገሩን አይመስለኝም። ከብት ሀብት በሆነበት ሁሉ ያው ጠብ ይነሣል፤ ያው ጠብ ደግሞ ተቀራራቢ ቃል ይወልዳል።

ጠቡን ሳያውቁ ብሂሉን መያዝ የሚያመጣውን ስሕተት ለማየት ደግሞ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም፦ ከተንኮል የክስ መብት አይመነጭም የሚለውን የላቲን ቃል የእንግሊዙ ዳኛ ሎርድ ማንስፊልድ እ.ኤ.አ. በ1775 በአንድ የሻይ ሽያጭ ክስ ላይ ጠቅሶታል። ሻጩ ደንከርክ ላይ ሻዩን ሲሸጥ፣ ገዢው በኮንትሮባንድ ወደ እንግሊዝ ሊያስገባው መሆኑን ያውቅ ነበር። ብሂሉን ብቻ የሰማ ሰው ሻጩ ተረታ ብሎ ይደመድማል። የተረታው ግን ገዢው ነው፤ ሽያጩ እዚያው አልቋል፣ ሻጩም በማሻገሩ ሥራ እጁ የለበትም ተብሎ ዋጋው ተፈረደለት። በቶጎ ውጫሌ ኬላ በኩል ስለሚያልፍ ዕቃ የሚነሣ የገንዘብ ክርክርም ይህንኑ ልዩነት መጠየቁ አይቀርም፤ የሐራሟ ግመል ማህማህ ሲጠቀስ ሽማግሌው መለየት ያለበት ማን ዘረፈ፣ ማን ሸጠ፣ ማንስ አውቆ ተካፈለ የሚለውን ነው።

የሲቲ ዞን የኢሳ ሶማሌዎች ሕግ፣ ሄር ኢሴ፣ ነገሩን ይበልጥ ያጠናክረዋል። የቃል ታሪኩ 44 አዋቂዎች ዛፍ ሥር ተቀምጠው የደነገጉት ነው ይላል፤ የጅቡቲው ምሁር አሊ ሙሳ ዒዬም ስለዚሁ ሕግ ለጻፈው መጽሐፍ «የዛፉ ፍርድ» የሚል ርዕስ የሰጠው በዚህ ምክንያት ነው። ኢትዮጵያ፣ ጅቡቲና ሶማሊያ በጋራ ያቀረቡት ይህ ሕግ በኅዳር 2017 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል። በቃል በሚጠበቅ እንዲህ ባለ ሕግ ምሳሌ የንግግር ማጣፈጫ ሆኖ አይቀርም፤ ቀደም ብሎ የተሰጠ ፍርድን ወደ ሸንጎው ይጠራል፤ ተከራካሪው ነገሩን ከዚያ ፍርድ ጋር ያመሳስላል፤ ባላጋራው ደግሞ ልዩነቱን ያወጣል። በሮማው ንጉሠ ነገሥት ጀስቲንያን የሕግ ስብስብ መጨረሻ ላይ ከተደረደሩት 211 አጫጭር ደንቦች የመጀመሪያው ይህንኑ ያስጠነቅቃል፦ ሕግ ከደንቡ አይቀዳም፣ ደንቡ ራሱ ካለው ሕግ ይወጣል እንጂ። የላቲን ብሂልን ያሰባሰቡት ሰዎች ይህን በር ላይ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ አልፈው ገቡ።

እዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ፤ የታወቀ ባለቤት ያላቸው ቃላት የሉም ወይ? በጅግጅጋ ብዙ ብልህ ቃል ለዊል ዋል ይሰጣል፤ ስሙ ዛሬ በከተማዋ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ያለው የ19ኛው ክፍለ ዘመን መሪ ገራድ ፋራህ ገራድ ሂርሲ ማለት ነው። ሰዎችን የሚያፋቅረውንም የሚያጣላውንም የበግ ሥጋ አምጡልኝ ብሎ ቢያዝ፣ ሁሉም ምርጥ ብልት ሲያቀርብ የአንድ ድሃ ልጅ ጉሮሮውን ላከችለት ተብሎ ይተረካል፤ ሰውን ከሰው የሚያለያየው ስስት ነውና። የዊል ዋል በታሪክ መኖር አያጠራጥርም። ንጉሥን በብልሃት የምትረታ የድሃ ልጅ ግን በብዙ አገር ተረት ውስጥ አለች፤ ታላቅ ስም ባለቤት ያጣ ቃልን ወደ ራሱ ይስባል። ከዚህ የሚበልጠው ማስረጃ ከሶማሌ ሥነ ቃል ራሱ ይገኛል። የሶማሌ ሥነ ቃል አጥኚው አንድሬየቭስኪ እንዳስገነዘበው፣ የሌላውን ግጥም የሚያነበንብ ሶማሌ የገጣሚውን ስም መጥራት ግዴታው ነው። የደራሲን መብት እንዲህ አጥብቆ የሚጠብቅ ባህል ማህማህን ሲጠቅስ ግን «ድሮ ተብሏል» ብሎ ያልፋል። ስም መያዝ የሚያውቅ ሕዝብ እዚህ ላይ ስሙን የተወው ረስቶ ነው ማለት ይከብዳል። ቃሉ የአንድ ጎሳ ሰው ቃል ሆኖ ቢቀርብ ባላጋራው አይቀበለውም ነበር፤ ባለቤት አልባነቱ ለሁለቱም ወገን ዳኛ እንዲሆን አስችሎታል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ ይጠነክራል። ሶማሌ ውሸት ይናገር ይሆናል እንጂ በማህማህ አይዋሽም የሚል የታወቀ አባባል አለ። ማህማህ ሁልጊዜ እውነት ከሆነ የክርክሩ ሁኔታ ምን ያደርግለታል? ነገር ግን ያው አንደበት «እንነጋገር ማለት እንታረቅ ማለት ነው» ይላል፤ «የተዘጋ አፍ ወርቅ ነው»ም ይላል። እኛም «ዝም አይነቅዝም» እና «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» እያልን እንኖራለን። ሁለቱም በአንድ ጊዜ፣ ለአንድ ጉዳይ እውነት ሊሆኑ አይችሉም። ተነጋገሩ የሚለው የደም ካሳ ድርድር ሊፈርስ ሲል ይነሣል፤ ዝም በሉ የሚለው ቂም የሚያገረሽ ቃል ከአፍ ሊወጣ ሲል። ስለዚህ አይዋሽም የተባለው ቃሉ በቦታው ሲውል ነው፤ ያለ ቦታው የተጠቀሰ ማህማህ ከውሸት ይብሳል፣ የእውነትን ልብስ ለብሷልና።

የላቲን ታሪክ ይህን አደጋ ደጋግሞ አሳይቷል። የሕዝብ ድምፅ የእግዚአብሔር ድምፅ ነው የሚለውን ሊቁ አልኩዊን በ8ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለፍራንኮች ንጉሥ ለሻርለማኝ በጻፈው ደብዳቤ ያነሣው እንዲህ የሚሉትን አትስማ ለማለት ነበር፤ ዛሬ የምርጫ ቅስቀሳ መፈክር ነው። ከአፍሪካ ሁልጊዜ አዲስ ነገር አይጠፋም የሚለውም በሮማዊው ጸሐፊ በፕሊኒ በኩል ዝነኛ ሆኖ አሁን እንደ ሙገሳ ይነገራል። ከእርሱ በፊት አርስቶትል ሲያብራራው ግን ነገሩ ስለ ውኃ ነው፦ ዝናብ በሌለበት አገር አራዊቱ ሁሉ በጥቂት የውኃ ቦታዎች ላይ ስለሚገናኙ ያልተለመደ ዝርያ ይወለዳል ብሎ ነበር። ማብራሪያው በሥነ ፍጥረት ረገድ ስሕተት ነው። ከቀብሪ በያህ ወዲያ በሃውድ ሜዳ የሚሰማሩ አርብቶ አደሮች ግን የውኃ ቦታ ሁሉን የሚያገናኝ፣ ጠብንም ስምምነትንም የሚወልድ መሆኑን ከማንም ይልቅ ያውቃሉ። «ሰላምና ወተት፣ ጦርነትና ድርቅ» የሚለው ማህማህም በዚህ መሬት ላይ መተንተን አለበት። ዝናቡ የሚዘንበው በየቦታው ነው፤ ወደ ዘነበበት መሻገር የሚቻለው ደግሞ ስምምነት ሲኖር ነው። እ.ኤ.አ. የ1897ቱም የ1954ቱም የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ስምምነቶች ድንበር ተሻጋሪ ግጦሽን የፈቀዱት ይህ ሕይወት ስላስገደዳቸው ነው። መንገዱ በጠብ ከተዘጋ መለስተኛ ድርቅ እንኳ መንጋ ይጨርሳል።

ሶማሊኛ እ.ኤ.አ. በ1972 በሶማሊያ የላቲን ፊደልን ይፋዊ ጽሕፈቱ ካደረገ ወዲህ ማህማህ በብዛት ታትሟል፤ ሩሲያዊው ጊዮርጊ ካፕቺትስ ትልቅ መዝገበ ቃላት አዘጋጅቶለታል። ሥራው ምስጋና ይገባዋል። በፊደል ተራ የተደረደረ ማህማህ ግን የኤራስመስ ብሂሎች የደረሰባቸው ዕጣ ይጠብቀዋል። የኢትዮጵያ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በግልና በቤተሰብ ጉዳይ ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ በባህላዊ ሕግ መዳኘትን ስለሚቀበል፣ ጉዳዩ የቋንቋ አጥኚዎች ብቻ አይደለም፤ የሕግ ነው። ስለዚህ በጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በክልሉ ባህል ቢሮ ማህማህ የምትሰበስቡ ሁሉ ከቃሉና ከፍቺው ጎን ሦስት መስመር ጨምሩ፦ ቃሉ የተጠቀሰው በምን ክርክር ላይ ነበር፣ ባላጋራው ምን መለሰ፣ ሽማግሌዎቹስ ምን ወሰኑ? ይህን የሚያስታውሱ አዛውንቶች በአውበሬም በሽንሌም ዛሬ አሉ፤ ሄዳችሁ ጠይቋቸው።