በአንጾኪያ ማዕድ ስለ ሆነው ተግሣጽ

ወደ ገላትያ ሰዎች በተላከው መልእክት በምዕራፍ ፪ ከቍጥር ፲፩ ጀምሮ የተጻፈው ነገር ተርጓሚዎችን ከጥንት ጀምሮ ሲያስጨንቅ ኖሯል። ኬፋ ወደ አንጾኪያ በወረደ ጊዜ ከአሕዛብ ወገን ካመኑት ጋራ አብሮ ይበላ ነበር፤ ከያዕቆብ ዘንድ ሰዎች በመጡ ጊዜ ግን ከግዝረት ወገን የሆኑትን ፈርቶ ከማዕዱ ተለየ፤ የቀሩትም አይሁድ፥ በርናባስ እንኳ ሳይቀር፥ ተከተሉት፤ ጳውሎስም በሁሉ ፊት ገሠጸው። የሐዋርያት አለቃ እንዲህ ያደርግ ዘንድ እንደ ምን ይቻላል ብለው ያዘኑ ሰዎች ነገሩን የሚያቀልል መንገድ ፈለጉ።

አንዱ መንገድ ይህ ኬፋ ጴጥሮስ አይደለም፥ ከሰብዓ አርድእት አንዱ ነው ማለት ነው፤ አውሳብዮስ በቤተ ክርስቲያን ታሪኩ ይህን ከእስክንድርያው ቀሌምንጦስ ተቀብሎ ጽፎታል። ይህስ ብዙ አያቆመንም። በዚያው ምዕራፍ በቍጥር ፱ ኬፋ ከያዕቆብና ከዮሐንስ ጋራ እንደ ዓምድ ተቈጥሯልና፥ ሁለት ቍጥር ሳይሻገር ሌላ ሰው ሆነ ማለት አይቀናም።

ሁለተኛው ግን የበረታ ነው፤ የተናገሩትም ታላላቆች ናቸው። ዮሐንስ አፈ ወርቅና ሄሮኒሞስ ይህን መልእክት ሲተረጕሙ፥ ሁለቱ ሐዋርያት በልብ አንድ ሆነው ስለ ጥበብ ያደረጉት ነው፤ ጳውሎስ ይገሥጻል፥ ጴጥሮስም ዝም ብሎ ይቀበላል፥ ከአይሁድ ያመኑት በአለቃቸው ዝምታ ይማራሉ አሉ። በጉባኤ ቤት ሳለሁ ይህ ትርጓሜ እጅግ ደስ ያሰኘኝ ነበር፤ የማንንም ክብር አይነካምና። አውግስጢኖስ ግን ለሄሮኒሞስ ደብዳቤ እየላከ ተቃወመው፤ በመጽሐፍ ውስጥ ስለ ጥቅም የተነገረ ሐሰት አለ ካልን የመጽሐፍ ሥልጣን ሁሉ ይናወጣል አለ። ደግሞም ሐዋርያው በምዕራፍ ፩ ቍጥር ፳ እንደማይዋሽ እግዚአብሔርን ምስክር አድርጎ ሳለ ወዲያው የማስመሰል ጠብ ይተርካል ማለት ይከብዳል።

የአባቶችን ቃል ለማቃለል አልደፍርም። ነገር ግን እኔን ያስተወኝ ሌላ ምክንያት አለ። ጠቡ ማስመሰል ከሆነ በማዕዱ የቀሩት አሕዛብ ይረሳሉ። እነርሱ የተተዉት በማስመሰል አይደለም፤ እንጀራው በፊታቸው ሳለ ወንድሞቻቸው በእውነት ተነሥተው ሄዱ። በዚያ ዘመን የጌታ ራት ከማኅበር ማዕድ ጋራ ይደረግ እንደ ነበረ ከ፩ኛ ቆሮንቶስ ፲፩ ይታወቃል፤ እንግዲህ መብሉን መለየት ለቍርባኑ መለየት ምን ያህል ቀረበ! ጴጥሮስ በአፉ ስሕተት አላስተማረም፤ እግሩ ግን አስተማረ። ሳትገዘሩ እምነታችሁ አይበቃችሁም ሳይል አለ። እርሱም በኢዮጴ ራእይ ያየ፥ በቂሣርያም ወደ ቆርኔሌዎስ ቤት የገባ ነው፤ ያጐደለው ዕውቀት አይደለም፥ ፈራ እንጂ።

ከዚህ ተነሥተው ጳውሎስ ሥርዓትን ሁሉ ጣለ፥ ጾምና ስግደት ከንቱ ነው የሚሉ አሉ፤ እነዚህ መልእክቱን እስከ ግማሽ አንብበዋል። ያው ጳውሎስ ጢሞቴዎስን በልስጥራ ገዘረው፤ ቲቶን ግን አልገዘረም። ምነው ቢሉ፥ ጢሞቴዎስ እናቱ አይሁዳዊት ናትና በአይሁድ መካከል ለስብከት እንዲመች ነው፤ በቲቶ ላይ ግን ያለዚህ አይዳንም ተብሎ ተጠየቀ። በኢየሩሳሌምም የስእለት ሰዎች ለነበሩት ለአራቱ ወጪያቸውን ሊከፍል፥ አብሮም ሊነጻ ወደ መቅደስ ገባ፤ የሐዋርያት ሥራ ፳፩ን ተመልከት። ሥራው አንድ ሲሆን የተጫነበት ሸክም ይለያያል። አብርሃምም እነሆ፤ እስማኤል ሲወለድ ዕድሜው ፹፮ ነበር፥ ሲገዘር ፺፱፤ አምኖ ጽድቅ የተቈጠረለት ግን ከእስማኤል መወለድ አስቀድሞ ነው። ከ፲፫ ዓመት የሚበልጥ ዘመን ሳይገዘር ጻድቅ ተብሎ ኖረ።

እኛን ደግሞ ስለ ግዝረታችን እንደ አይሁድ ናችሁ ብለው የከሰሱን የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። ዐፄ ገላውዴዎስ በ፲፭፻፵፯ ዓመተ ምሕረት በጻፈው የሃይማኖት ምስክርነት መለሰላቸው፤ የጳውሎስን ትምህርት እናውቃለን፥ ግዝረታችን የአገር ልማድ ነው፥ ፊትን እንደ መብጣትና ጆሮን እንደ መብሳት ያለ ነው አለ። ቲቶን ከጢሞቴዎስ ለይቶ ያወቀ መልስ ነው፤ እኔ ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም።

ነገር ግን በጽሑፍ ያለው መልስ በማዕዳችን ላይ አለን? ከዓመታት በፊት በአንድ የሠርግ ዳስ ተጠምቆ ከእኛ ጋራ ሥጋ ወደሙን የሚቀበል ባለ እጅ መጣ፤ ድርሻውን ከዳሱ ውጭ ለብቻው አቀረቡለት። ይህን ያዘዘ ኦሪት የለም፥ ፍትሐ ነገሥትም አላዘዘም፤ የአባቶቻችን ልማድ ነው ተባለ። ካህናቱ ከፍ ብለን ተቀምጠን ነበር፤ አንዳችንም አልተነሣንም። እኔም ያን ቀን ከበርናባስ ጋራ ነበርሁ። ይህን ምዕራፍ ለደቀ መዛሙርት ሳስተምር፥ የማስመሰል ነው የሚለውን ትርጓሜ መናገር ያቃተኝ ከዚያ ወዲህ ነው።

ጴጥሮስ በአንጾኪያ ምን እንደ መለሰ አልተጻፈም። ክብሩን ለመጠበቅ ግን ተግሣጹን ሐሰት ማድረግ አያስፈልግም፤ በ፪ኛ መልእክቱ በምዕራፍ ፫ ቍጥር ፲፭ ጳውሎስን የተወደደ ወንድም ብሎ ጠርቶታልና። ወደዚያ ማዕድ ተመልሶ ከአሕዛብ ጋራ እንደ ተቀመጠ የማምነው ስለዚህ ቃል ነው።