«ዘንድሮ ምን መጣ?»፦ የዘር ገበያን በሻጭ ብዛት መለካት ለምን ያሳስታል?

ከደብረ ማርቆስ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው መንገድ፣ ደምበጫ አካባቢ፣ በቆሎ የሚያመርቱ አጎት አሉኝ። የክረምቱ እርሻ ሲደርስ ስደውልላቸው ስለ ዘር የሚሉኝ ነገር ሁሌ አንድ ነው፤ «እንጃ ልጄ፣ ዘንድሮ ምን እንደሚመጣ።» አንድም ቀን «ዘንድሮ የቱን ልግዛ?» ሲሉ ሰምቻቸው አላውቅም።

እስቲ አስቡት። ስልክ ልትገዙ ሱቅ ስትገቡ የምትጠይቁት «የቱ ይሻለኛል?» ብላችሁ ነው። «ምን መጣ?» የሚለው ራሽን የሚጠብቅ ሰው ጥያቄ ነው። ሁለቱም ጥያቄዎች ገዢ ነኝ ከሚል ሰው አፍ ይወጣሉ፤ የሚነግሩን ግን ስለ ሁለት የተለያዩ ገበያዎች ነው።

ይህን ያነሳሁት በስብሰባም በሪፖርትም ደጋግሜ በምሰማው አንድ መከራከሪያ ላይ ትችት ስላለኝ ነው። መከራከሪያው «የዘር አቅራቢዎች ቁጥር እየበዛ ስለሆነ ውድድር አለ» ይላል። የተማርኩት ምህንድስና እንጂ ኢኮኖሚክስ አይደለም። ግን መለኪያ የተሳሳተ ቦታ ላይ ሲገጠም ምን እንደሚፈጠር እኛ መሐንዲሶች በደንብ እናውቃለን።

መለኪያው እንዴት ይሠራል?

ገበያ በጥቂቶች እጅ መከማቸቱን ለማወቅ ኢኮኖሚስቶች የሚጠቀሙበት አንድ ቀላል ስሌት አለ፤ የሄርፊንዳል-ሂርሽማን መለኪያ ይባላል። የእያንዳንዱን ሻጭ የገበያ ድርሻ በመቶኛ ትወስዳላችሁ፣ በራሱ ታባዛላችሁ፣ ከዚያ ሁሉንም ትደምራላችሁ። በቃ።

አሥር ሻጮች እያንዳንዳቸው 10 በመቶ ቢይዙ፣ 100 ሲደመር አሥር ጊዜ፣ 1,000 ይመጣል። ሁለት ሻጮች እኩል ቢካፈሉት 5,000 ነው። አንድ ብቻ ከሆነ 10,000 ይሆናል፤ ከዚያ በላይ የለም። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው የኩባንያዎች ውህደት መመሪያ ከ1,800 በላይ የሆነን ገበያ «በጣም የተከማቸ» ይለዋል።

ስሌቱ ራሱ ችግር የለበትም። ጥያቄው የምንቆጥረው ምንን ነው የሚለው ላይ ነው። ይህን ለማየት መጀመሪያ ወደ እርሻው እንውረድ።

ከጮቄ እስከ ደምበጫ

ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ ተራራ ብትወጡ የገብስ ማሳ ታገኛላችሁ። ከተማው ዙሪያ ጤፍና ስንዴ አለ። ወደ ደምበጫ፣ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ዝቅ ስትሉ ደግሞ በቆሎው ይበዛል። ይህ የሰብል ለውጥ ብቻ አይደለም፤ የገበያም ለውጥ ነው።

ገብስ፣ ስንዴና ጤፍ በአብዛኛው ራሳቸውን በራሳቸው የሚያዳቅሉ ናቸው። የአንዱ አበባ ወንዴና ሴቴ እዚያው ይገናኛሉ። ስለዚህ ልጁ ወላጁን ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2006 ከደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል የወጣውን «ቁንጮ» ጤፍ አንዴ ያገኘ ገበሬ ከምርቱ ቀንሶ ለከርሞ ያስቀምጣል፣ ለጎረቤቱም ይሰጣል፤ ቁንጮነቱን አያጣም። ለገበሬው ደስ የሚል ነገር ነው። በየዓመቱ ዘር መሸጥ ለሚፈልግ ኩባንያ ግን ይህ ገበያ አይጥምም። ጤፍን የማሻሻሉ ሥራ በዋናነት በመንግሥት የምርምር ተቋማት ትከሻ ላይ የቀረው ያለ ምክንያት አይደለም።

በቆሎ ሌላ ነው። ወንዴው አበባ አናቱ ላይ፣ ሴቴዋ ደግሞ ፀጉር አውጥታ ወገቡ ላይ ናት፤ የአበባውን ዱቄት ነፋስ ከጎረቤት ማሳ ሳይቀር ያመጣዋል። ተመራማሪዎች ይህንን ተጠቅመው ሁለት በየራሳቸው የተጣሩ ወላጆችን ያዳቅላሉ። ድቅሉ (ሃይብሪዱ) ከሁለቱም ወላጆቹ የበለጠ ጠንካራና ምርታማ ይሆናል።

ታዲያ ገበሬው ከዚያ ምርት ዘር ቢያስቀርስ? እዚህ ላይ ሳንቲም መወርወር እንጀምር። አንዱ ወላጅ «ሀ»፣ ሌላው «ለ» የሚባል የዘረመል ቅጂ ያለው ይሁን። የመጀመሪያው ድቅል ሁሉም «ሀለ» ነው፤ ጥንካሬው የሚመጣው በአብዛኛው ከዚህ መለያየት ነው። እነዚህ ድቅሎች እርስ በርስ ሲዳቀሉ እያንዳንዱ ከሁለቱ ቅጂዎቹ አንዱን በዕጣ ይሰጣል። ውጤቱ ሀሀ፣ ሀለ፣ ለሀ ወይም ለለ ነው። ከአራቱ ሁለቱ ብቻ እንደ ቀድሞው ናቸው። በአንድ ክረምት ያ መለያየት በግማሽ ወረደ ማለት ነው። ማሳው ዥንጉርጉር ይሆናል፣ ምርቱም ይቀንሳል።

ስለዚህ የድቅል በቆሎ ሻጭ ዘሩን የሚያስጠብቅበት ዘበኛ አያስፈልገውም። ባዮሎጂው ራሱ ገበሬውን በየዓመቱ ወደ ሻጩ ይመልሰዋል። ወላጆቹን የያዘ ሰው ገበያውን ይዟል።

ቦዩን ወደ ላይ ተከተሉት

የሜጫን የቆጋ መስኖ ያየ ሰው ይህን አይስተውም፤ ማሳ ውስጥ የቱንም ያህል ትንንሽ ቦዮች ቢኖሩ ውኃው የሚመጣው ከዋናው ቦይ ነው። የዘር ገበያም እንዲሁ ነው። እስቲ ወደ ላይ እንከተለው።

ለረጅም ዓመታት በጎጃም በቆሎ አምራቾች ዘንድ የታወቀው ቢኤች-660 እ.ኤ.አ. በ1993 የተለቀቀ የባኮ ምርምር ማዕከል ድቅል ነው። የአማራ ምርጥ ዘር ኢንተርፕራይዝ፣ የፌዴራሉ የዘር ድርጅት እና የግል አባዦች የየራሳቸውን ስም ለጥፈው ሸጠውታል። ሻጮቹ ብዙ፣ ወላጆቹ ግን አንድ።

በሌላ በኩል ገበሬው የሚወዳቸው «ሾኔ» እና «ሊሙ» አሉ። ስማቸው የአገር ቤት ስም ነው፤ ወላጆቻቸው ያሉት ግን እ.ኤ.አ. በ1926 በአሜሪካ አዮዋ በሄንሪ ዋላስ (በኋላ የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት የሆነው ሰው ነው) ከተመሠረተው ፓዮኒየር ዘንድ ነው። ፓዮኒየርን ዱፖንት እ.ኤ.አ. በ1999 ጠቀለለው። ዱፖንት በ2017 ከዳው ጋር ተዋሐደ። በ2019 የግብርናው ክፍል ተነጥሎ ኮርቴቫ ሆነ። ባለቤቱ እንዲህ ሲቀያየር «ሊሙ» ሊሙ እንደሆነ ቀጠለ።

ዳውና ዱፖንት ሲዋሐዱ ሌሎቹም ዝም አላሉም። የቻይናው ኬምቻይና ሲንጀንታን በ43 ቢሊዮን ዶላር ገደማ በ2017 ገዛ፤ የጀርመኑ ባየር ሞንሳንቶን በ63 ቢሊዮን ዶላር ገደማ በ2018 ጠቀለለ። ተቆጣጣሪዎች ግዢውን የፈቀዱት ባየር ከዘር ሥራው ከፊሉን ለቢኤኤስኤፍ እንዲሸጥ አስገድደው ነው። «ስድስቱ ግዙፎች» ይባሉ የነበሩት በዚህ መንገድ አራት ቀሩ።

አሁን ስሌታችንን እንደገና እንሥራ። ቁጥሮቹ ለልምምድ የፈጠርኳቸው ናቸው፤ የማንኛውም ወረዳ መረጃ አይደሉም። በአንድ ወረዳ አሥር የበቆሎ ዘር ሻጮች አሉ፣ እያንዳንዳቸው 10 በመቶ አላቸው እንበል። መለኪያው 1,000 ይለናል፤ እሰየው የሚያሰኝ ነው። አሁን በሻጭ መቁጠር ትተን በወላጅ ዘር ባለቤት እንቁጠር። ሰባቱ የአንድ ምርምር ማዕከል ድቅል፣ ሦስቱ የአንድ ኩባንያ ድቅል ቢሸጡ፣ 70 እና 30 ይሆናል። 4,900 ሲደመር 900፣ 5,800። እዚያው ወረዳ ሁሉም ዘር ለገበሬው የሚደርሰው በአንድ መጋዘን በኩል ከሆነ ደግሞ በማከፋፈሉ ደረጃ 10,000 ነው።

ያው ወረዳ፣ ያው ዘር፣ ያው ገበሬ፤ ሦስት ቁጥር። ሪፖርቱ ላይ የሚጻፈው የመጀመሪያው ሊሆን ይችላል። አጎቴ የሚኖሩት ግን ሦስተኛው ውስጥ ነው።

ማዳበሪያውስ?

«ችግሩ የውጭ ኩባንያ ነው» ብላችሁ እንዳትቸኩሉ። የማዳበሪያን ታሪክ እንይ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ንግዱ ለግል ባለሀብት ተከፍቶ አስመጪዎች ገብተው ነበር፤ አሥር ዓመት ገደማ ሲሞላ ከገበያው ወጡ። ቦታቸውን ከክልል ገዢ ፓርቲዎች ጋር የተሳሰሩ ኩባንያዎች ያዙት፤ በአማራ ክልል አምባሰልን የማያስታውስ የለም። ቀጥሎ የኅብረት ሥራ ዩኒየኖች መጡ። ከዚያ ግዢው በአንድ የመንግሥት ድርጅት ተጠቃለለ፤ ዛሬ ይህን የሚሠራው የኢትዮጵያ ግብርና ሥራዎች ኮርፖሬሽን ነው። ስሞቹ በየጊዜው ተቀያየሩ። ገበሬው ግን ያኔም ዛሬም ጆንያው የሚመጣበትን ቀን ይጠብቃል።

ለነገሩ በአንድ ላይ መግዛት ጥቅም አለው። ብዙ ቶን በአንድ ጨረታ ስትገዙ ዋጋውም የመርከቡም ኪራይ ይቀንሳል። ግን እኛ «አንድ ቦታ ሲበላሽ ሁሉም የሚቆምበት ነጥብ» የምንለው ነገር አለ። ድልድዩ ርካሽ ቢሆንም አንድ ብቻ ከሆነ፣ በፈረሰ ቀን ርካሽነቱ አይጠቅማችሁም። በ2015 ዓ.ም. የመኸር ወቅት የማዳበሪያ እጥረት በአማራ ክልል ገበሬዎችን ለአቤቱታ አደባባይ አስወጥቷል። ያን ጊዜ ሌላ በር የነበረው ገበሬ ጥቂት ነው።

የኔም ክርክር ቀዳዳ አለው

ቅድም 5,800 ስል አንድ ነገር ሸፍኜ አልፌያለሁ። መለኪያው በሩን ክፍት የሚያደርግን ባለቤትና የሚዘጋን ባለቤት አይለይም። የባኮን ወላጅ ዘር ፈቃድ ያለው አባዥ ጠይቆ ሊያገኝ ይችላል፤ የመነሻ ዘር እጥረቱ ቢያስቸግርም በሩ አለ። የኩባንያው ወላጅ ዘር ግን ምስጢሩ ነው፤ ለማንም አይሰጥም። ሁለቱን በአንድ ቅርጫት መክተት ልክ አይሆንም።

ሌላም አለ። ገበሬዎች ሊሙን የሚፈልጉት ተታልለው አይደለም፤ ስለሚሰጣቸው ነው። ጥሩ ድቅል ማውጣት ብዙ ዓመትና ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ኩባንያው ያን አውጥቷል። ስለዚህ መልሱ ኩባንያውን ማባረር አይመስለኝም። የሚያስፈራኝ የሕዝቡ ምርምር ቢዳከምና አዳዲስ ድቅል ማውጣት ቢያቅተው ነው። ያኔ ኩባንያው ምንም ክፉ ነገር ሳይሠራ ብቻውን ይቀራል፤ ዋጋውንም ሆነ መቼ እንደሚመጣ የሚወስነው እሱ ይሆናል። የባኮ በጀት የአጎቴ የመደራደር አቅም ነው።

እንግዲህ ምን እንጠይቅ?

«አቅራቢው በዝቷል፣ ውድድር አለ» ሲባል ስትሰሙ ሦስት ነገር ጠይቁ።

አንደኛ፣ ወላጅ ዘሩ በማን እጅ ነው፣ ሌላ አባዥ ቢጠይቅስ ያገኛል?

ሁለተኛ፣ ዘሩ ገበሬው ጋ እስኪደርስ ስንት መንገድ አለ? እዚህ ላይ የተሻለ ነገር ተሞክሯል። ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአማራ ክልል በጥቂት ወረዳዎች የዘር ቀጥታ ግብይት ተጀምሯል፤ አምራቹ በወኪሉ በኩል ራሱ ለገበሬው ይሸጣል። ከዚያ በፊት ዘር ባይበቅል ማንን መጠየቅ እንዳለበት እንኳ ገበሬው ለማወቅ ይቸገር ነበር። ሻጩ በስሙ ሲሸጥ የሚጠየቅ ሰው ይኖራል።

ሦስተኛ፣ ገበሬው «ይቅርብኝ» ቢል ምን ይተርፈዋል? እንደ ጊቤ እና መልካሳ ያሉ ድቅል ያልሆኑ የተሻሻሉ የበቆሎ ዝርያዎች አሉ። ምርታቸው ከድቅሉ ቢያንስም ለተወሰኑ ዓመታት ዘር ማስቀረት ይቻላል። እነሱ በመጋዘኑ ውስጥ መኖራቸው፣ ባይገዙም እንኳ፣ ለገበሬው የመውጫ በር ነው።

ባለፈው ስደውል አጎቴን ጠየቅኳቸው። «ሁሉም ቢመጣና ይምረጡ ቢባሉ የቱን ይወስዳሉ?» ሊሙ ይሉኛል ብዬ ነበር። ትንሽ ዝም አሉና፣ «ሁለቱንም ነዋ! ግማሹን ሊሙ፣ ግማሹን 660። አንዱ ቢከዳኝ አንዱ ይኖረኛል» አሉ።

እኔ ዩኒቨርሲቲ አንድ ሙሉ ሴሚስተር የተማርኩትን ነው በአንድ ትንፋሽ የነገሩኝ፤ መጠባበቂያ የሌለው ሥርዓት አትሥራ የሚለውን። ለዚያ ግን ሁለቱም ዘሮች፣ በወቅቱ፣ ደምበጫ መድረስ አለባቸው። ይህን ስጽፍ የዘንድሮው ገና አልመጣም።