«ወይ አግባ፣ ወይ መንኩስ»

በቅርቡ የአንድ ወዳጄ ልጅ ክርስትና በተነሣችበት ዕለት ለምሳ እንደተቀመጥን፣ አንዲት እናት ሳህኔን እየሞሉ «ልጄ፣ ያንተን ድግስ መቼ ነው የምንበላው?» አሉኝ። አርባ አራት ዓመቴ ነው፤ አላገባሁም። «እግዜር ያውቃል» ብዬ ላልፈው ስል፣ አጠገባቸው የነበሩ አንድ ሽማግሌ «ወይ አግባ፣ ወይ መንኩስ፤ መሀል ሰፋሪ አትሁን!» ብለው ደመደሙት። ሰዉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ቤቴ ስገባ ግን ሳቁ አለቀ።

መሐንዲስ ነኝና ግድግዳ ሲሰነጠቅ መጀመሪያ የማየው መሠረቱን ነው። ለመሆኑ የዚህ ፍርድ መሠረቱ ምንድን ነው?

አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሰው 1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 7 ነው። ችግሩ ምዕራፉ እንደ አድማጩ እየተቆረጠ መቅረቡ ነው፤ ለሙሽሮች ቁጥር 9፣ ለመናንያን ቁጥር 32። ሌላው ይዘለላል። በቁጥር 7 ሐዋርያው ለእያንዳንዱ ከእግዚአብሔር የተሰጠ የራሱ ስጦታ እንዳለው ያስተምራል። በቁጥር 25 ስለ ደናግል ምክር እንጂ የጌታ ትእዛዝ እንደሌለው ይናገራል። በቁጥር 35 ደግሞ ሊያጠምዳቸው እንዳልፈለገ ይገልጻል። ልብ በሉ፤ ጳውሎስ ይህን የጻፈው በንግድ ከተማ ለሚኖሩ ተራ ምእመናን ነው። አባ እንጦንስ በግብፅ በረሃ የመነኑት ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ሐዋርያው ሳያገቡ መኖርን ሲያመሰግን ቆብ ድፉ ማለቱ አልነበረም፤ ቆቡ ገና አልተሰፋም!

የቀደሙት አባቶችም ቢሆኑ አንዱን ኑሮ የሌላው መምቻ አላደረጉም። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጋንግራ ጉባኤ ጋብቻን የሚንቁትን አወገዘ፤ በድንግልናቸው በባለ ትዳሮች ላይ የሚታበዩትንም እንዲሁ። የታሪክ ጸሐፊው ሶቅራጥስ እንደተረከው ደግሞ፣ በ325 ዓ.ም. በኒቅያ ካህናት ከሚስቶቻቸው ይለዩ የሚል ሐሳብ ሲነሣ የተቃወመው ጳፍኑትዮስ ራሱ ድንግል ነበር። ያላገባው ላገቡት ተሟገተ። ዛሬ ያገቡት ላላገባው የሚሟገቱት መቼ ነው?

ቤተ ክርስቲያናችን ባለትዳር ቄስም መነኩሴ ጳጳስም አላት፤ ሁለቱንም ታከብራለች። መድረሻ ያጣው ከሁለቱም ያልሆነው ምእመን ነው። ከወንዱ ይልቅ ደግሞ ሸክሙ የሚከብደው በእኅቶቻችን ላይ ነው። እኔን «መቼ ነው?» የሚለኝ ሰው እሷን «ቆማ ቀረች» ይላታል። ስንቷ በዚህ ምክንያት ከማኅበሩ ቀርታለች? ስንቱስ አፍ ለመዝጋት ሲል ብቻ አግብቷል?

ፍርዱ ግን እኔንም አያልፍም። እነዚያ እናት የጠየቁኝ በክፋት አይደለም፤ በሰው አገር ብቻውን የሚያረጅ ሰው ምን እንደሚገጥመው ስለሚያውቁ ነው። እኔም ያላገባሁት ለእግዚአብሔር ብዬ አይደለም፤ ትምህርቱ፣ ሥራው፣ ወደ ቤተሰብ የሚላከው ገንዘብ እያለ ዓመቱ ሄደ። ጳውሎስ ያላገባ ሰው የጌታን ነገር ያስባል ሲል፣ የእኔ ምሽት በምን እንደሚያልፍ አስቤ አፍሬአለሁ። ስጦታው ባዶ ቤት ሳይሆን ያልተከፈለ ልብ ነው። የተከፈለ ልብ ደግሞ ባለትዳሩም፣ መነኩሴውም፣ እኔም ጋ አለ።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ በሚቀጥለው ድግስ ላይ «መቼ ነው?» ከማለታችሁ በፊት «እንዴት ነህ?» በሉን። የቀረውን ለመመለስ ያኔ አፋችን ይፈታል።

ቸር ይግጠመን።