ስለ ማድለብና ስለ ማክሳት ዘዴ፤ በቦንጋ ወጣቶች ልማድ ላይ የቀረበ ሒስ

ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ወደ ቦንጋ በሄድን ጊዜ፣ ወጣቶች ሁለት ጣሳ በሲሚንቶ ሞልተው በብረት ዘንግ ጫፍና ጫፍ እየተከሉ በየግቢያቸው ሰውነታቸውን ሲያጠነክሩ አይተን ደስ አለን። ደስ ያላለን ከብረቱ ጋር አያይዘው የተቀበሉት የአበላል ሥርዓት ነው። ይኸውም ዓመቱን ለሁለት ይከፍለዋል። በፊተኛው ወራት ሰው ከሚያስፈልገው አብልጦ እየበላ ጡንቻ ያወጣል፤ ስብም አብሮ ይመጣል። በኋለኛው ወራት ምግቡን ቀንሶ ስቡን ያራግፋል፤ ከዚያም እንደ ገና ይጀምራል። እኛ ፊተኛውን ማድለብ፣ ኋለኛውን ማክሳት ብለነዋል። ወጣቶቹ ማድለቡን በእንግሊዝኛው «ባልክ» ይሉታል፤ ቃሉ ከእኛ «በልክ» ጋር በድምፅ ቢቀራረብም በትርጉሙ ተቃራኒ ነው።

ዘዴው ፈጽሞ መሠረት የለውም አንልም። ጡንቻ የሚያድገው የብረቱ ጫና ሲኖርና ገንቢ ምግብ፣ ማለት ፕሮቲን፣ ሲገኝ ነው፤ ጥቂት ትርፍ ምግብም ይረዳዋል። በመድረክ ቆመው በሰውነት ቅርጽ የሚወዳደሩ ሰዎችም የውድድራቸው ቀን አስቀድሞ የታወቀ ስለ ሆነ ወራታቸውን በዚህ ዓይነት ይከፍላሉ። ነገር ግን ሰውነት በአንድ ጊዜ የሚሠራው ጡንቻ ውስን ነው፤ የተረፈው ስብ ይሆናል። በኖርዌይ ስፖርተኞች ላይ ተደርጎ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2013 የታተመ ጥናት ይህንኑ አሳይቷል። አብዝተው እንዲበሉ የተመከሩት ከሌሎቹ ይልቅ ስብ ጨመሩ እንጂ በጡንቻ ይህን ያህል አልበለጧቸውም።

ለመሆኑ የቦንጋ ልጅ ደልባለሁ ሲል የሚበላው ምንድን ነው? በከፋ ገጠር ብዙው ቤት የሚመካው በእንሰት ነው። ቆጮ ያጠግባል፣ ኃይልም ይሰጣል፤ ፕሮቲኑ ግን እጅግ ጥቂት ነው። በ100 ግራም ደረቅ ባቄላ ወይም ምስር ውስጥ 25 ግራም ያህል ፕሮቲን ሲገኝ፣ በዚያው መጠን ቆጮ ውስጥ ያለው ከጥቂት ግራም አያልፍም። ስለዚህ ቆጮውንና ቅቤውን እጥፍ ያደረገ ወጣት ይወፍራል እንጂ አይገነባም። ደግሞም ሰንጋ ሲደልብ ወጪውን በመጨረሻ ገዢው ይከፍላል፤ ወጣት ሲደልብ ግን የምትከፍለው እናቱ ናት። የእርሱ ሁለተኛ ሳህን የሚሞላው ከታናናሾቹ ድርሻ ተቀንሶ ነው። ይህን ነገር ቀላል አድርገን ልናየው አንችልም።

ሁለተኛው ስሕተት አገሩ የራሱ ወራት እንዳለው መዘንጋት ነው። ኦርቶዶክሳዊ ለሆነው ወጣት ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባለው 50 ቀን ደግሞ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። እንግዲህ ዓመቱ ከውጭ መጽሐፍ በፊት የተከፈለ ነው። ከእኛ መካከል አንዱ በ50ው ቀን ሥጋና ቅቤ ያለ ልክ በላ፤ በፍልሰታ ደግሞ ያወጣውን ሆድ ለማጥፋት ብሎ በቀን አንድ ጊዜ ቆጮ በጎመን ብቻ እየበላ ብረቱንም ተወ። ጾሙ ሲፈታ ሆዱ ቀንሶ ነበር፤ ነገር ግን በሰኔ በቀላሉ ያነሣው የነበረውን ብረት ማንሣት አቃተው። ጡንቻውን ከስቡ ጋር አራግፎታል ማለት ነው።

ከዚህ ተነሥተው «በጾም ጡንቻ አይገነባም» የሚሉትንም አንቀበልም። ጾም ሥጋን፣ ወተትንና ዕንቁላልን ይከለክላል እንጂ ሽሮን፣ ባቄላን፣ አተርን አይከለክልም። በ2018 የታተመ የ49 ጥናቶች ማጠቃለያ እንደሚለው፣ ብረት ለሚያነሣ ሰው በቀን ለእያንዳንዱ የሰውነት ኪሎ 1.6 ግራም ያህል ፕሮቲን ይበቃዋል፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 96 ግራም መሆኑ ነው። ይህን ሁሉ ከጥራጥሬ ብቻ ማግኘት ለድኃ ተማሪ ከባድ መሆኑን እናውቃለን። ስለዚህ በጾም ወራት ሊጠበቅ የሚገባው ብዙ መጨመር ሳይሆን ያለውን አለማጣት ነው።

ያለ ልክ መክሳት ምን እንደሚያመጣ በ1944 እና በ1945 በአሜሪካ በሚኔሶታ የተደረገው ሙከራ ያስተምራል። 36 ፈቃደኞች ስድስት ወር ያህል በጥቂት ምግብ ተይዘው የክብደታቸውን ሩብ የሚያህል አጡ፤ እንደ ገና ሲመገቡም ከጡንቻው ይልቅ ስቡ ቀድሞ ተመለሰ።

እንግዲህ የእኛ አሳብ ይህ ነው። ጀማሪ ዓመቱን መክፈል አያስፈልገውም፤ ብረቱን አዘውትሮ ካነሣና ጥራጥሬውን ካላጓደለ ስቡ እየቀነሰ ጡንቻው ሊያድግ ይችላልና። መክሳት ያስፈለገውም በሳምንት ከክብደቱ ከመቶ አንድ እጅ በላይ አይቀንስ፤ ለ60 ኪሎ ሰው 600 ግራም ማለት ነው። በፍስክም በጾምም ሁለት ነገሮች አይቋረጡ፤ ብረቱና ባቄላው።

ይህን ስንጽፍ ወጣቶቹን ከጀመሩት ሥራ ለማስተው አይደለም፤ ድካማቸው በከንቱ እንዳይቀር፣ የቤታቸውም መሶብ እንዳይጎድል ብለን ነው።