ነጥቡ ወዴት ዘለለ? በአስርዮሽና በ10 ርቢዎች ፈተና ላይ የቀረበ ሂስ

ስለ ተማሪዎቻችን የሒሳብ ድክመት ብዙ ተብሏል፤ ብዙም ተጽፏል። ስለምናወጣቸው ፈተናዎች ድክመት የሚናገረው ግን ጥቂት ነው። የዚህ ጽሑፍ ሂስ የሚያተኩረው በፈተናው ላይ፣ በተለይም አስርዮሽ ቁጥሮችንና የ10 ርቢዎችን በሚመለከቱት ጥያቄዎች ላይ ነው። ለሂስ የቀረበውን ወረቀት ያዘጋጀሁት እኔው ራሴ ስለሆንኩ ማንም ቅር ሊሰኝ አይገባም።

ቦታው ቱነይድባ ነው። ቱነይድባ በምሥራቅ ሱዳን በገዳሪፍ ግዛት የሚገኝ የስደተኞች ሰፈር ሲሆን፣ በ2013 ዓ.ም. የትግራይ ጦርነት ሲነሣ ድንበር ተሻግረው ሱዳን ከገቡት ከ60 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች መካከል ብዙዎቹ የሰፈሩበት ነው። የልጆቹ ትምህርት መጀመሪያ በኮሮና ወረርሽኝ፣ ቀጥሎም በጦርነቱ ተቋርጦ ነበር። አብረን የተሰደድነው መምህራን በዳስ ሥር ማስተማር ስንጀምር ለሰባተኛ ክፍል አሥር የምርጫ ጥያቄዎች አዘጋጀሁ። ሦስተኛው ይህ ነበር፦

0.02 × 10³ ስንት ነው? ሀ) 0.00002 ለ) 0.02000 ሐ) 20 መ) 200

ብዙዎቹ «ሀ»ን ወይም «ለ»ን መረጡ። «ሀ» ብላ የመለሰችውን አንዲት ተማሪ ለብቻዋ ጠርቼ ምክንያቷን ብጠይቃት፣ «መምህር፣ ነጥቡ ሦስት ጊዜ ይዘላል ብለውን ነበር፤ ወዴት እንደሚዘል ግን ጠፋኝ» አለችኝ። በዚያን ጊዜ ልጅቷን እንደ ሰነፍ ቆጠርኳት። ስሕተቱ የእኔ መሆኑ የገባኝ ገበያ ላይ ሳያት ነው።

ገበያ የሚያስተምረው ሒሳብ

ይህች ልጅ ከሰዓት በኋላ ከእናቷ ጋር ሻይ ትሸጥ ነበር። የሱዳንን ገንዘብ ታሪክ የሚያውቅ ሰው ይህ ሥራ ምን ያህል ሒሳብ እንደሚጠይቅ ይረዳዋል። እ.ኤ.አ. በ1992 ሱዳን ፓውንዷን በዲናር ለወጠች፤ አንዱ ዲናር 10 አሮጌ ፓውንድ ሆነ። በ2007 ደግሞ ዲናሩ ቀርቶ አዲስ ፓውንድ ወጣ፤ አንዱ አዲስ ፓውንድ 100 ዲናር ነው። እንግዲህ 10 × 10² = 10³ ስለሆነ፣ አንድ አዲስ ፓውንድ 1,000 አሮጌ ፓውንድ መሆኑ ነው። ወረቀቱ ቢለወጥም አንደበት ቶሎ አልተለወጠም፤ ብዙ ሰው ዓመታት ካለፉ በኋላም ዋጋ የሚጠራው በአሮጌው ነበር። ገዢው «መቶ ሺህ» ሲል ልጅቷ መቶ ፓውንድ ትቀበላለች። በቃሏ በ10³ ማካፈሏ ነው።

ታዲያ በገበያ በ10³ የምታካፍል ልጅ በክፍል ውስጥ በ10³ ማባዛት ያቃታት ለምንድን ነው? በገበያ የምትይዘው መጠን ነው፤ እኔ የሰጠኋት ግን ባዶ ነጥብ ነበር። ነጥቡም ቢሆን ለእነዚያ ልጆች አንድ ትርጉም ብቻ አልነበረውም። በሱዳን ገበያ በሚጻፈው የዐረብኛ አኃዝ ዜሮ የሚጻፈው እንደ ነጥብ ነው፤ አምስት ደግሞ የእኛን ዜሮ ይመስላል። በገበያ ከቁጥር በስተቀኝ የተጨመረ ነጥብ ቁጥሩን በአሥር ያበዛዋል፤ በክፍል ውስጥ ያለው ነጥብ ግን ሙሉውን ከክፍልፋይ ይለያል። ይህን ልዩነት ሳላስረዳ «ነጥቡን አዝልሉ» ማለቴ በግርግር ላይ ግርግር መጨመር ነበር።

በማግሥቱ ጥያቄውን ለውጬ አቀረብኩላት፦ «ለአንድ ብርጭቆ ሻይ 0.02 ኪሎ ስኳር ቢያስፈልግ፣ ለ1,000 ብርጭቆ ስንት ኪሎ ያስፈልጋል?» እርሳስ እንኳ አላነሣችም። «አንድ ኪሎ ለ50 ብርጭቆ ይበቃል፤ ስለዚህ ሃያ ኪሎ» አለች።

የሁለቱ ደንቦች ጉድለት

በየትምህርት ቤቱ የምንደጋግማቸው ደንቦች ሁለት ናቸው። አንደኛው «በ10 ስታባዛ ዜሮ ጨምር» የሚለው ነው። ይህ ለሙሉ ቁጥር ይሠራል፤ ለአስርዮሽ ግን አይሠራም። 0.02000ን የመረጡት ልጆች ደንቡን በታማኝነት የፈጸሙ ናቸው፤ ሦስት ዜሮ ጨምሩ ተባሉ፣ ጨመሩ። ቁጥሩ ግን አንዳች አላደገም።

ሁለተኛው «ነጥቡን አዝልል» የሚለው ነው። በመሠረቱ ነጥቡ የትም አይሄድም፤ ዘወትር በአንድ ቤትና በአሥረኛ ቤት መካከል ነው። ቤት የሚለውጡት አኃዞቹ ናቸው። 3.7 በ100 ሲባዛ ሦስቱ ከአንድ ቤት ወደ መቶ ቤት፣ ሰባቱ ከአሥረኛ ቤት ወደ አሥር ቤት ይወጣሉ፤ ውጤቱ 370 ይሆናል። ይህን የተረዳ ልጅ «ወዴት?» ብሎ አይጨነቅም፤ በ10³ መባዛት ሦስት ቤት መውጣት፣ በ10³ መካፈል ሦስት ቤት መውረድ ነውና።

የራሳችን የግዕዝ አኃዝ እዚህ ላይ ይረዳናል። በግዕዝ ዜሮ የለም፤ ስለዚህ ዜሮ መጨመርም ነጥብ ማዝለልም አይቻልም። ሺህ የሚጻፈው ፲፻ ተብሎ ነው፤ አሥር ጊዜ መቶ ማለት ነው። እልፍ ፼ ነው። መቶ ሺህ ፲፼፣ ሚሊዮን ደግሞ ፻፼ ይሆናል። በርቢ ስንጽፈው ፲፻ ማለት 10¹ × 10² = 10³፣ ፻፼ ማለት 10² × 10⁴ = 10⁶ ነው። የዘመን መቁጠሪያ ያነበበ ልጅ የርቢዎችን መደመር ሳያውቀው ተምሯል ማለት ነው።

ፈተናው የማይጠይቀው

የእኔን ወረቀት የመሰሉ ፈተናዎች ሦስት ጉድለት አለባቸው። በመጀመሪያ፣ የሚታረመው ፊደሉ ብቻ ስለሆነ አንድ ቤት የሳተውን ልጅ ምንም ካልገባው ልጅ አይለዩም። ሁለተኛ፣ ግምትን አይጠይቁም። 0.35 ከ0.4 ይበልጣል የሚል ተማሪ 35ን ከ4 ጋር ማነጻጸሩ ነው፤ «ከግማሽ በምን ያህል ያንሳሉ?» ብንለው ራሱን ያርማል። ሦስተኛ፣ ቁጥሮቹ የምንም ነገር መጠን ስላልሆኑ ስሕተቱ ማንንም አያስደነግጥም።

በሕይወት ግን ያስደነግጣል። ለመጠጥ በሚቀዳ ውኃ ውስጥ በሊትር ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊ ግራም ነጻ ክሎሪን እንዲቀር ይደረጋል። 10,000 ሊትር የያዘ ገንዳ ቢኖረንና በሊትር 0.5 ሚሊ ግራም እንዲኖረው ብንፈልግ፣ በውኃው ውስጥ ያለው ቆሻሻ የሚበላውን ለጊዜው ትተን፣ 0.5 × 10⁴ = 5,000 ሚሊ ግራም፣ ማለትም 5 ግራም ክሎሪን ያስፈልጋል። አንድ ቤት ወርደን 0.5 ግራም ብናደርግ በሊትር 0.05 ብቻ ይሆንና ውኃው ከበሽታ አይጠበቅም። አንድ ቤት ወጥተን 50 ግራም ብናደርግ ሰዉ ሽታውን ጠልቶ ወደ ኩሬ ይመለሳል። በፈተና አንድ ማርክ የሚያስቀንሰው ስሕተት ከገንዳው ሥር የሰው ጤና ነው።

ገዳሪፍ የሰሊጥና የማሽላ አገር ስለሆነ የመሬት ጥያቄም ማውጣት ይቻላል። አንድ ፈዳን 4,200 ካሬ ሜትር ነው። 1,000 ፈዳን ስንት ሄክታር ይሆናል? 4.2 × 10³ በ10³ ሲባዛ 4.2 × 10⁶ ካሬ ሜትር፤ አንድ ሄክታር 10⁴ ካሬ ሜትር ስለሆነ 4.2 × 10²፣ ማለትም 420 ሄክታር።

ለተማሪዎች

ፈተና ላይ ስትቀመጡ አኃዙንና ርቢውን ለያዩ። ለምሳሌ 0.006 × 4.2 × 10⁵ ÷ 0.03 ቢሰጣችሁ፣ 0.006ን 6 × 10⁻³፣ 0.03ን 3 × 10⁻² ብላችሁ ጻፉ። አኃዞቹ 6 × 4.2 ÷ 3 = 8.4 ይሰጣሉ። ርቢዎቹ −3 + 5 − (−2) = 4 ይሆናሉ። መልሱ 8.4 × 10⁴፣ ማለትም 84,000 ነው። ከዚያ በሌላ መንገድ አረጋግጡ፤ 0.006 የ0.03 አንድ አምስተኛ ነው፤ የ420,000 አንድ አምስተኛ ደግሞ 84,000 ነው። ማባዛት ሁልጊዜ ያበዛል ብላችሁም አትመኑ፤ 8 × 0.5 = 4፣ 6 ÷ 0.1 = 60 ነውና።

ለመምህራን

«አገር አቀፍ ፈተናው የምርጫ ስለሆነ ፈጣኑን ደንብ ማስተማር አለብን፤ ጊዜም የለንም» የሚሉ ባልደረቦች አሉ። አባባላቸው ከንቱ አይደለም። ደንቡ አቋራጭ ነውና ዋናውን መንገድ ለሚያውቅ ይጠቅማል፤ መንገዱን የማያውቀውን ግን ያጠፋዋል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከ896 ሺህ በላይ ተፈታኞች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ነበሩ፤ 3.3 ከመቶ ማለት ነው። የዚህ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ በአስርዮሽ ብቻ የሚመካኝ አይደለም። ሆኖም ይህንኑ ቁጥር በአስርዮሽ ጻፉ ብንል 0.033 ብሎ በእርግጠኝነት የሚጽፈው ስንቱ ተማሪያችን ነው? 0.33 ብሎ የጻፈው የአገሩን ፈተና ውጤት በአሥር እጥፍ አሳምሮ ያነብበዋል።

ዛሬ በመምህራን ማሠልጠኛ ሳስተምር ለሠልጣኞቼ የምሰጠው ምክር አጭር ነው። ከአሥር ጥያቄ ሦስቱን እንኳ በሦስት ማርክ አውጡ፤ አንዱ ለግምት፣ አንዱ ለስሌት፣ አንዱ «እንዴት አወቅህ?» ለሚለው መልስ። ሃምሳ ወረቀት ማረም አድካሚ እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ያቺ የቱነይድባ ተማሪ «ወዴት እንደሚዘል ጠፋኝ» ያለችኝ ስለጠየቅኋት ነው፤ በፊደል ብቻ የሚታረመው ወረቀቴ ይህን ሊነግረኝ አይችልም ነበር።