ጐንደርን ከቈላው በኩል ስለ መመርመር

ስለ ጐንደር ከተጻፈው አብዛኛው ከፋሲል ግንብ በር ይነሣና እዚያው በግቢው ውስጥ ይፈጸማል። ግንቡን ማን አነጸው፥ ጥበቡስ ከወዴት መጣ የሚለው ክርክር ብዙ ገጽ ፈጅቷል። ክርክሩ ከንቱ ባይሆንም፥ የመናገሻ ከተማ ታሪካዊ ክብደት በድንጋይ ብቻ እንደማይመዘን ያስረሳል።

የጃፓን መናገሻ የነበረችው ኪዮቶ ለዚህ ማነጻጸሪያ ትሆናለች። በ794 ተቈርቍራ (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ንጉሠ ነገሥቱ እስከ 1868 ድረስ ተቀመጡባት፤ ነገር ግን የጦር አለቆች ሥልጣኑን ይዘው በካማኩራ፥ ኋላም በኤዶ ሆነው ያዝዙ ነበር። ጐንደርም በዘመነ መሳፍንት እንዲሁ ሆነች፤ ዘውዱ በግቢው ሲቀር የየጁ ራሶች ከደብረ ታቦር ገዙ። እንግዲህ ቤተ መንግሥቱን ብቻ የሚመለከት ሰው ሥልጣኑ ወዴት እንደ ሄደ አያገኘውም።

ዐፄ ፋሲለደስ በ1636 ገደማ የቈረቈሩት ከተማ የምጽዋና የስናር መንገዶች የሚገናኙበት ነበር። ሐኪሙ ፖንሴ በ1699 ዐፄ ኢያሱን ለማከም የመጣው፥ ጀምስ ብሩስም በ1771 መጨረሻ ተነሥቶ ወደ ስናር የሄደው በምዕራቡ ቈላ በኩል ነው። በ1668 ጉባኤ እስላሞች ተለይተው እንዲሰፍሩ ቢወሰንም፥ የሩቁ ንግድ በአብዛኛው በእነርሱ እጅ ቈየ።

ይሁን እንጂ በዚህ መንገድ የተጓዘው ቡናና ጥጥ ብቻ አይደለም። የሽንፋ ወንዝ ከሚያልፍበት ከመተማና ከቋራ ቈላ የጉሙዝ ሰዎች እየተማረኩ በባርነት ተሸጡ። የከተማውን ብልጽግና የሚያወሳ ጸሐፊ ይህን ቢያልፈው ሒሳቡን አጐደለ ማለት ነው።

የጐንደርም ዕድል የተወሰነው በዚያው በኩል ነው። በ1888 ደርቡሾች ከቈላው ወጥተው ከተማውን አቃጠሉ፤ በ1889 ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ መተማ ላይ ወደቁ። ግንቡ ይህን ሊከለክል አልቻለም።

ፋሲል ግቢ በ1979 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ይህም የሚገባው ነው። የቀረው ሥራ የመንገዱ ነው፤ የሽንፋና የመተማ ሽማግሎች፥ በተለይም ጉሙዞች፥ ስለ ጐንደር የሚሉትን በራሳቸው ቋንቋ ሰምቶ መጻፍ። ይህ እስኪሆን ድረስ የመናገሻይቱ ታሪክ በአንድ ወገን ምስክር ብቻ የተፈረደ ሆኖ ይቈያል።